ሞቃት ባሕር፣ ቀዝቃዛ አዳራሽ፦ ለክሩዝ የፎርማል ምሽት ምን ይለበስ?

ካሪቢያንን በክሩዝ፣ ማለትም በመዝናኛ መርከብ፣ ሊዞር የተነሳ ሰው ሻንጣው ውስጥ መጀመሪያ የሚወረውረው ቁምጣና የዋና ልብስ ነው። ከዚያ የጉዞውን ፕሮግራም ሲያገላብጥ «የፎርማል ምሽት» (ሁሉም ዘንጦ ራት የሚቀርብበት ምሽት) የሚል ነገር ያይና ክው ይላል። በዚያ ሙቀት ሱፍ? ከረባት?

አይዟችሁ። ማታ የሚያስቸግራችሁ ሙቀቱ ሳይሆን ብርዱ ነው። የመርከብ ኤሲ ቀልድ አያውቅም፤ ቀን አሸዋ ላይ ሲጠበስ የዋለው ሰው ሁሉ ማታ ራት ጠረጴዛ ላይ ክንዱን እያሻሸ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ የምትለብሱት ለአዳራሹ እንጂ ለደሴቱ አይደለም። ይቺን ከያዛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

አዲስ ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት ግን የምትሳፈሩበትን መርከብ ደንብ እዩ፣ ምክንያቱም ኩባንያዎቹ በዚህ ጉዳይ ጨርሶ አይመሳሰሉም። ኩናርድ ከሁሉም ጠበቅ ይላል፤ በ«ጋላ» ምሽቶቹ ወንዱ ቱክሲዶ (በቢራቢሮ ከረባት የሚለበስ የምሽት ሱፍ) ወይም ጠቆር ያለ ሱፍ ከከረባት ጋር፣ ሴቷ የምሽት ቀሚስ ወይም የሚያምር ሱሪና ኮት ትለብሳለች። ካርኒቫል ላይ ጥሩ ሱሪና ሸሚዝ ይበቃል፤ ኮት ከደረባችሁበት ደግሞ እሰየው። ሰለብሪቲ «ኢቭኒንግ ሺክ» በሚለው ምሽት ያልተቀዳደደ፣ ደህና ጂንስ እንኳ ያሳልፋል። ኖርዌጂያን ማንንም አያስገድድም። የ7 ሌሊት ጉዞ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 2 የፎርማል ምሽት አለ፣ አጠር ባለው ላይ 1። የሚውለውም ብዙውን ጊዜ መርከቡ ወደብ ሳይቆም ባሕር ላይ በዋለበት ቀን ነው። መጀመሪያው ሌሊት ላይ እምብዛም አይደረግም፣ የብዙ ሰው ሻንጣ ገና ካቢኑ፣ ማለትም መኝታ ክፍሉ፣ አልደረሰማ።

በሴቶቹ ልጀምር። ረጅም ቀሚስ ግዴታ አይደለም፤ ጉልበት ላይ የሚያርፍ ጥሩ ቀሚስ በአብዛኞቹ መርከቦች ላይ ማንም ቀና ብሎ አያይበትም። ዋናው ጨርቁ ነው። ጀርሲ የሚባለውን፣ ሳብ ሲያደርጉት የሚለጠጠውን ጨርቅ ውሰዱ። ጠቅልላችሁ ሻንጣ ጥግ ብትወትፉት እንኳ ስታወጡት እንዳልተነካ ነው። ሐር ያምራል፣ አልክድም፣ ግን አንዲት የላብ ጠብታ ብብት ስር ካረፈች አገር ያያታል። ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም አበባ ያለበት ከሆነ ብዙ ነገር ይሸፍንላችኋል። ለ2 ምሽት 2 ቀሚስ መሸከምም አያስፈልግም፤ አንዱን ቀሚስ ሌላ ሻልና ሌላ የጆሮ ጌጥ አድርጉበትና ጨርሳችኋል። ሻሏ ለጌጥ ብቻ እንዳትመስላችሁ፣ ከራት በኋላ ትርዒት ስታዩ ትከሻችሁን የምታድነው እሷ ናት።

ትከሻ ካልን አይቀር፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ልብሱን ስትለኩ ፀሐይ ያልነካው ቆዳ ላይ ነው የምትለኩት። መርከቡ ላይ ሦስተኛው ቀን ሲደርስ ግን ጀርባችሁ ቲማቲም መስሏል፣ የዋና ልብሱ ማሰሪያ ነጭ መስመር አንገታችሁ ላይ ታትሟል። በዚያ ላይ ውስጡ በሚያብረቀርቅ ፈርጥ ስፌት የተሞላ ቀሚስ ስትለብሱ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይፍቃችኋል። ስለዚህ ገበሩ ለስላሳ ይሁን፣ ማሰሪያው ቀጭን አይሁን። የቀን ልብሳችሁም ከማታው ጋር ተመሳሳይ የአንገት ቅርፅ ቢኖረው መስመሩ አይታይም።

ጫማ ላይ ደግሞ ልመናዬ አንድ ነው፤ ቀጭን ታኮ ይቅርባችሁ። ወለሉ ይንቀሳቀሳል፣ ትንሽም ቢሆን ይንቀሳቀሳል። ፎቶ ልነሳ ብላችሁ ወደ ውጭ ከወጣችሁ ደግሞ ታኮው የወለሉ እንጨት መሃል ያለው ክፍተት ውስጥ ስንቅር ይላል፣ ነፋሱ ቀሚሱን ያነሳዋል፣ አንድ እጅ ለቀሚስ አንድ እጅ ለፀጉር ሆኖ ቁጭ። ሰፊ ታኮ ወይም የሚያምር ጠፍጣፋ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ።

ወንዶች፣ የእናንተ ቀላል ነው። አንድ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ አንድ ነጭ ሸሚዝ፣ ሁለት ከረባት። ሱፉ ከስስ የበግ ፀጉር ጨርቅ የተሠራ ይሁን። የበግ ፀጉር ሲባል የክረምት ካፖርት ይታወሳችሁ ይሆናል፤ ስሱ ግን አየር ያስገባል፣ ሌሊቱን ሰቅላችሁት ካደራችሁ ጭምድዱ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይለቃል። ሊነን (ከተልባ ተክል ክር የሚሠራውን ጨርቅ) ግን ተዉ። እኔ «ሞቃት አገር ነው» ብዬ ነጣ ያለ የሊነን ሱፍ ይዤ ሄጄ ከሻንጣ ሳወጣው የታኘከ ወረቀት መስሎ ነበር፣ ራት ላይ ተቀምጬ ስነሳ ደግሞ ባሰበት። በቃ ለቀን ይሁን። ዘነጥ ማለት ለሚፈልግ፣ ክሬም ቀለም ያለው የራት ኮት ከጥቁር ሱሪ ጋር ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሞቃት አገር ደንብ ነው፤ መረቅ የሚያፈስ ሰው አጠገብ ብቻ አትቀመጡ። ካልሲ እንዳትረሱ ደግሞ! ሱፉን፣ ቀበቶውን፣ ጫማውን ሁሉ ይዞ ነጭ የስፖርት ካልሲ ብቻ የቀረው ሰው አውቃለሁ። ራቱን በሙሉ እግሩን ጠረጴዛ ስር ደብቆ ጨረሰ።

ካውያ ይዣለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። በእሳት አደጋ ስጋት የተነሳ ካቢን ውስጥ ክልክል ነው፣ ሻንጣ ሲፈተሽ ከተገኘ ይወስዱታል፤ በእንፋሎት የሚተኩሰውንም ብዙዎቹ አይፈቅዱም። አንዳንድ መርከብ ላይ ካውያ ያለበት የጋራ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አለ። ከሌለ ልብሱን ሻወር ቤት ሰቅላችሁ ሙቅ ውሃ እየለቀቃችሁ ታጠቡ፣ ሩብ ሰዓት እንፋሎት ከጠጣ በእጅ ታሹትና ይላላል። መስቀያ ካነሰባችሁ የአብዛኞቹ ካቢኖች ግድግዳ ብረት ስለሆነ ማግኔት ያለው መንጠቆ ይለጠፍበታል። ቁምሳጥኑ ጠባብ ስለሆነ ይቺ ትንሽ ዕቃ በጣም ትጠቅማለች።

ይህ ሁሉ ጣጣ ካልጣማችሁስ? ቡፌው በፎርማል ምሽትም ክፍት ነው፣ እዚያ ከረባት የሚጠይቃችሁ የለም። ቁምጣና ነጠላ ጫማ ለብሳችሁ ዋናው ራት አዳራሽ በር ላይ ብቻ አትቁሙ፤ በትህትና ይመልሷችኋል፣ ከኋላ የተሰለፈውም ሰው ሁሉ ያያል።