ወንድም ሲበድል፦ የጌታን ምክር በቅደም ተከተሉ ስለ መፈጸም

በወንድሙ የተበደለ ክርስቲያን ምን ማድረግ እንደሚገባው ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ከቁጥር 15 እስከ 17 በግልጽ ነግሮናል፤ መጀመሪያ ሁለቱ ብቻቸውን ይነጋገራሉ፣ በዳዩ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይጨመራል፣ ያም ካልሆነ ነገሩ ለቤተ ክርስቲያን ይነገራል። ይህን ክፍል የማያውቅ ምእመን ጥቂት ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጠን፣ በዳዩ ገና ምንም ሳይሰማ ነገሩን ለአክስት፣ ለጎረቤትና ለባልንጀራ እናዳርሳለን። በእኔ እምነት በየቤተሰቡ ለዓመታት የሚዘልቀው ኩርፊያ የሚጸናው ከበደሉ ክብደት ይልቅ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ነገሩ አንዴ ከተሰማ በኋላ ጥፋቱን ማመን በዘመድ ሁሉ ፊት መዋረድ ይሆናልና።

አንድ የተለመደ ጉዳይ እንውሰድ። ዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት፣ የእናቷ ቤት ጣሪያ እንዲታደስ ለወንድሟ የቆርቆሮ መግዣ ትልካለች፤ ክረምት ሲገባ ግን ቆርቆሮው እንዳልተገዛ ከሌላ ሰው ትሰማለች። ቁጣዋ እውነተኛ ነው፤ ያ ገንዘብ የድካሟ ዋጋ ነውና ማንም ሊያቃልልባት አይገባም። የሚቀናት በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ድምፅ ቀርጻ መልቀቅ ይሆናል። ቃሉ የሚላት ግን «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ነው፤ ስለዚህ ወንድሟ ብቻውን በሚሆንበት ሰዓት ለእርሱ ብቻ ትደውልለት።

እርስዎም እንዲህ ያለ ንግግር ከመጀመርዎ በፊት የሚያውቁትን ከሚጠረጥሩት ይለዩ። ቆርቆሮው አለመገዛቱ የታወቀ ነው፤ «ገንዘቤን በላው» የሚለው ግን ገና ግምት ነው። ንግግሩ ከታወቀው ይጀምር፦ «ወንድሜ፣ በጥር የላክሁት ገንዘብ ለእማዬ ጣሪያ ነበር፤ ቆርቆሮው እንዳልተገዛ ሰማሁ። ምን እንደ ገጠመህ ከአንተው አፍ መስማት ፈልጌ ነው የደወልሁት።» ከዚህ በኋላ ዝም ብሎ ማዳመጥ ይገባል፤ መጽሐፈ ምሳሌ በ18፥13 ሳይሰማ የሚመልስ ሰው ስንፍናና እፍረት እንደሚሆንበት ይናገራልና። ገንዘቡ ለእናታቸው ሕክምና ውሎ፣ እናትየዋ ራሳቸው «ልጄን በሰው አገር አታስጨንቃት» ብለው አስደብቀውት ሊሆን ይችላል። አጥፍቶትም ከሆነ ከሌላው ወሬ ይልቅ የራሱ ቃል ይሻላል።

ጊዜን መምረጥም የዚሁ ጥበብ ክፍል ነው። አቢግያ ባሏ ናባል ግብዣ አድርጎ እጅግ ሰክሮ ባገኘችው ሌሊት ምንም አልነገረችውም፤ የነገረችው በማግሥቱ ስካሩ ከለቀቀው በኋላ ነበር (1ኛ ሳሙኤል 25፥36-37)። አንዳንድ ባለትዳሮች «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለውን ይዘው ጠቡን ሁሉ በዚያው ሌሊት ለመጨረስ ሲታገሉ፣ በድካምና በእንቅልፍ እጦት ነገሩን ያብሱታል። ሐዋርያው ጳውሎስ በዚህ ቃል (ኤፌሶን 4፥26) የሚከለክለው ቂም ቋጥሮ ማደርን ይመስለኛል፤ «ነገ ጠዋት በሰከነ መንፈስ እንነጋገር» ተባብሎ፣ አብሮ ጸልዮ መተኛት ይህን ትእዛዝ አይጥስም።

ሁለቱ ካልተስማሙ የሽማግሌ ተራ ነው። ወገን የያዙትን ትቶ ሁለቱም የሚያከብሯቸውን ሰዎች፣ ለምሳሌ የንስሐ አባትንና አንድ አስተዋይ ዘመድ መምረጥ ይበቃል። ሽማግሌዎችን አጥብቄ የምለምነው ግን «ለእግዚአብሔር ብላችሁ ተዉት» በማለት እውነቱ ሳይነገር እንዳያስታርቁ ነው። ዘኬዎስ በግፍ የወሰደው ቢኖር አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናግሯል (ሉቃስ 19፥8)፤ እርቅም ምን ያህል፣ መቼና በማን እጅ እንደሚመለስ የሚያስቆርጥ ሊሆን ይገባዋል።

በቤቷ ለምትደበደብ ሚስት ግን «ብቻሽን ሆነሽ ውቀሺው» ብሎ መምከር ታላቅ ጥፋት ነው። ዳዊት ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ሸሽቶ አመለጠ፤ በኋላም ሊገድለው ሲችል ማረው፣ የተናገረው ግን ሰፊ ርቀት በመካከላቸው አድርጎ በተራራ ራስ ላይ ቆሞ ነበር። ሳኦል «በድያለሁ፤ ተመለስ» ቢለውም ዳዊት መንገዱን ሄደ እንጂ ወደ እርሱ አልተመለሰም (1ኛ ሳሙኤል 26)። ይቅር ማለትና ወደ አደጋ መመለስ የተለያዩ ናቸው፤ እንዲህ ያለች ሴት አስቀድማ ወደሚጠብቃት ዘመድ ትሂድ፣ ለሕግም ታመልክት።

ወደ ቆርቆሮው ስንመለስ፣ ወንድምየው ጥፋቱን አምኖ መመለሻውን ከወሰነ፣ እኅትየዋ በየበዓሉ ስልክ ያንን ነገር ከማንሣት ትቆጠብ። የሚቀጥለውን ገንዘብ ቆርቆሮ ሻጩ በቀጥታ እንዲቀበል ማድረግ ትችላለች፤ ይህ ለወንድሟም ከፈተና መጠበቂያ ነው። ከእርሱ ጋር ከመነጋገሯ በፊት ለአክስቷ አምታው ከነበረ ደግሞ፣ ለአክስቷ ደውላ ሁለቱ መነጋገራቸውንና ነገሩ ማለቁን በራሷ አንደበት ትንገራቸው።