ርዕሰ መምህሩን በአደባባይ መተቸት ለሚፈልግ ወላጅ

ደሴ ላይ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ይዤ ማመልከቻ እጽፋለሁ። የመሬቱም፣ የፍርድ ቤቱም፣ የትምህርት ቤቱም አቤቱታ በእጄ ያልፋል። መስከረም ላይ ምዝገባ ሲጀመር ወላጅ ይበዛል። «ጋሼ፣ ልክ ልኩን ይንገሩልኝ» ይሉኛል። ልክ ልኩን መንገር ለአንድ ቀን ያረካል። እኔ የምጽፈው መልስ የሚያመጣውን ነው።

መብቱን እናስቀድም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ማንም ሰው ሐሳቡን የመግለጽ፣ መረጃ የመጠየቅና የማሰራጨት ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የሚሠራው የሕዝብ ሥራ ነው። ስለዚህ «መዋጮው የት ገባ?» ብሎ በስብሰባ መሐል መጠየቅ ብልግና አይደለም፤ የማንንም ፈቃድ አይሻም። እኛ ወሎዬዎች ግን ይሉኝታ ያጠቃናል። አቦል ላይ ሰውየውን ስንቦጭቀው ቆይተን በረካ ላይ መርቀነው እንነሳለን። የወላጅ ስብሰባ ላይ ደግሞ «አስተያየት የለንም» ብለን ፈርመን እንወጣለን።

አሁን ወደ ሥራው። ቅሬታችሁን ስትናገሩ ያያችሁትን ከሰማችሁት ለዩ። «ርዕሰ መምህሩ ሌባ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «ለክፍል ጥገና ተብሎ ምዝገባ ላይ ከፍለናል። ደረሰኝ አልተሰጠንም። የአምስተኛ ክፍል ጣሪያ ዛሬም ያፈሳል። ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ በወላጆች ፊት ይገለጽልን።» የመጀመሪያውን የተናገረ ሰው ማስረጃ አምጣ ሲባል ይጨነቃል። የሁለተኛው ጭንቀት ወደ ርዕሰ መምህሩ ይሄዳል።

ይህ የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ስም ማጥፋትን ያስቀጣል፤ ሰውን ለመጉዳት ተብሎ የተነገረ ነገር እውነት ቢሆን እንኳ ሊያስጠይቅ ይችላል። በሌላ በኩል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2046 ሕዝብን በሚመለከት ጉዳይ ላይ አስተያየቱን የሰጠ ሰው፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ካልተናገረ በቀር፣ በኃላፊነት እንዳይጠየቅ ይከላከልለታል። እንግዲህ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለሚዘጋው ቤተ መጻሕፍት እስከፈለጋችሁ ተናገሩ። ስለ ሰውየው ትዳርና መጠጥ ግን ዝም በሉ። ሃይማኖቱንና ትውልዱንማ ጨርሶ አታንሱ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 አለ። አዋጁ ባይኖርም፣ አባት መሐመድ እናት ወለተ ማርያም በሚባሉበት አገር በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን የሚጣላ ወላጅ ከማንም በፊት ጎረቤቱን ያጣል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነም አጣሩ። የሒሳብ መምህር ጠፋ ብሎ ርዕሰ መምህሩ ላይ መጮህ ከንቱ ነው፤ መምህር የሚመድበው ወረዳው ነው። የመጽሐፍ እጥረትም ብዙ ጊዜ ከእሱ በላይ ካሉት ይጀምራል። የእሱ የሆነው የመዋጮው አያያዝ፣ የመምህራን መቅረት፣ የግቢው ንጽሕና፣ ልጆች የሚመቱ ከሆነ እሱም ጭምር ነው። በተለይ ገንዘቡን አጥብቃችሁ ያዙ። በ2014ቱ ጦርነት ብዙ የወሎ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ከዚያ ወዲህ «ለጥገና» የሚለውን ቃል የሰማ ወላጅ እጁን ኪሱ ከቷል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ሞዴል 64 በሚባለው የመንግሥት የገቢ ደረሰኝ ወይም ቁጥርና ማኅተም ባለው ደረሰኝ ይሰበሰባል። ደብተር ላይ ስም ጽፎ መቀበል ደረሰኝ አይባልም። መዋጮው የተወሰነበት ቃለ ጉባኤ እንዲነበብላችሁም ጠይቁ። ቃለ ጉባኤ ሲባል ፊታቸው የሚለዋወጥ ኃላፊዎች አይቻለሁ።

ወረቀቱን እንዲህ አስኪዱት። መጀመሪያ ለወላጅ መምህር ሕብረቱና ለቀበሌው ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ ካልሆነ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎ ለዞኑ ወይም ለከተማው ትምህርት መምሪያ፣ መጨረሻ ባሕር ዳር ላለው የክልሉ ትምህርት ቢሮ። ሁለት ቅጂ ያዙ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ ሌላው ላይ ቀንና ቁጥር ያለው የገቢ ማኅተም አስመትታችሁ ቤት አስቀምጡ። «ግዴለም፣ ለእኔ ስጠኝ፣ አደርስልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ወደ መዝገብ ቤት እለፉ። የወጪና ገቢ መረጃ ለማየት ከፈለጋችሁ የመረጃ ነፃነት አዋጁን 590/2000ን ጥቀሱ፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እምቢ ካለ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ።

ለአደባባዩ ግን የወረቀቱን መልስ ጠብቁ የሚል ሕግ የለም። እኔ ወረቀቱ ይቅደም የምለው ለጥቅማችሁ ነው። በስብሰባም ሆነ በፌስቡክ ስትናገሩ «በዚህ ቀን አመልክተን መልስ አላገኘንም» ማለት ከስድብ ሁሉ ይከብዳል። የገቢ ማኅተሙን ፎቶ አብራችሁ ለጥፉ። በሐሰት ስም አትጻፉ፤ ሰው አያምናችሁም፣ ርዕሰ መምህሩም «የምቀኞች ወሬ» ብሎ ይገላገላል። አራት አምስት ወላጅ ሆናችሁ በስማችሁ ፈርሙ። የልጆችን ስምና ፎቶ ግን አታውጡ። ልጃችሁ በእናንተ ንግግር ምክንያት ክፍል ውስጥ ቢንገላታ፣ ያ ራሱን የቻለ አቤቱታ ነው፤ ቀኑንና የተባለውን ቃል መዝግባችሁ ለብቻው አስገቡት። መምህር ከሆናችሁ መንገዱ ይለያል፤ ከቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ጀምሩ፤ ዲሲፕሊን የሚባል ነገር እንዳለ እያሰባችሁ።

ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም። በእኛ አካባቢ አበጋር የሚባለው የባህል አስታራቂ ይቀመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል። ሂዱ። ግን ስለ ስድብ ታረቁ እንጂ ስለ ገንዘቡ ሒሳብ አትታረቁ፤ እሱ የእናንተ ብቻ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ ሊያስተካክል ቃል ከገባ ምን፣ እስከ መቼ የሚለው በወረቀት ይስፈር። ጣሪያው ሲጠገን ደግሞ ቅሬታችሁን በለጠፋችሁበት ቦታ መጠገኑን ከነፎቶው ለጥፉ።