ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የልጁን ወንበር ይዛችሁ ሂዱ

አሜሪካ ውስጥ ሦስት ረድፍ ያለው አዲስ የቤተሰብ መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ፣ የልጃችሁን የመኪና ወንበር ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው መሸጫው ግቢ ውስጥ መሃለኛው ረድፍ ላይ እሰሩት። ከዚያ ራሳችሁ ወደ ኋላ ለመግባት ሞክሩ። እኛ ቶዮታ ግራንድ ሃይላንደር ስናይ የወሰነልን ይሄ ነው። መሃሉ አንድ ወጥ ወንበር የሆነው 8 ሰው ይይዛል፤ ሁለት የተነጣጠሉ ወንበሮች ያሉት 7። አንድ ሰው ቢቀንስም ትልቋ ልጅ በመሃል ሾልካ ኋላ ትገባለች። የታናሿን ወንበር መፍታት የለም።

እግራችሁን ከኋላ ስር ወርወር ስታደርጉ የሚከፈተው የኋላ በርም፣ በአንድ እጁ ልጅ በሌላው አስቤዛ ለያዘ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ሁሉም ላይ ስለሌለ ጠይቁ። የመስታወት ጣሪያው ግን ቢቀርም አይቆጭም።

ወረፋው ላይ ስንመጣ፣ ሃይብሪዱ፣ ማለትም በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ ወራት ሊያስጠብቅ ይችላል። ቶዮታ ለየመሸጫው መኪና የሚያከፋፍለው በኮታ ነው። ስለዚህ "አዘዝኩ" ማለት ብዙ ጊዜ ከሚመጡት ውስጥ በስማችሁ ማስያዝ ማለት ነው። አንድ ቀለም ላይ ሙጭጭ ካላችሁ ጥበቃው ይረዝማል። ሁለት ሦስት ቀለም ስጧቸው፤ የግድ የምትፈልጉትን ብቻ ለይታችሁ ንገሯቸው። ራቅ ያለ ከተማ ያሉ መሸጫዎች ጋም ደውሉ።

ቀብዱ ተመላሽ መሆኑንና የመጨረሻውን ዋጋ ግን በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ የቃል ተስፋ አምኜ፣ መኪናው ሲደርስ ያልጠየቅኩት ምንጣፍና የቀለም መከላከያ ሒሳቡ ላይ ተደምሮ ጠበቀኝ።