አካቶ ትምህርት ከምዝገባ በኋላ፦ ለጎንደር መምህራን ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አካቶ ትምህርት ማለት ልጆችን ሁሉ ሳይለዩ በአንድ ክፍል አቅፎ ማስተማር ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ላይ አካል ጉዳተኛ ልጆች ከአካባቢያቸው ልጆች ጋር የመማር መብታቸውን ይደነግጋል። በምዝገባ ሰሞን ይህ መብት ይታወሳል። ስህተቱ የሚመጣው በማግስቱ ነው።

መዝግቦ መተው

መስማት የሚቸግራት ልጅ የፊት ወንበር ሲሰጣት ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። መምህሩ ግን ወደ ሰሌዳው ዞሮ እየጻፈ ያስረዳል፤ እሷ የምታየው ጀርባውን ነው። መጀመሪያ ጽፎ፣ ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ ቢናገር ወጪ የለውም። መስኮት ከጀርባው ካለ ፊቱ ስለሚጨልም የከንፈሩን እንቅስቃሴ መከተል ያቅታታል። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ሲመልስም ተናጋሪውን በእጅ አሳይቶ መልሱን መድገም ያስፈልጋል። ልጅቷ የምልክት ቋንቋ ተጠቃሚ ከሆነች ይህ ሁሉ አይበቃትም፤ ቋንቋውን የሚችል መምህር እንዲመደብ ርዕሰ መምህሩ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቅ።

ለሚያይ ተማሪ ብቻ ማስተማር

«ይሄን ከዚያ ስንቀንስ» እያሉ በጠመኔ መጠቆም ማየት ለተሳነው ልጅ ምንም አይነግረውም። «ከ45 ላይ 18 ስንቀንስ» ይባልለት። አልቢኒዝም ያለባቸው፣ ማለትም ቆዳቸው፣ ፀጉራቸውና ዓይናቸው የተፈጥሮ ቀለም የሚያንሰው ልጆችም ብዙውን ጊዜ ዓይናቸው አጥርቶ አያይም፤ ቆዳቸውም በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ብርቱ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ በሰልፍ ላይ «ኮፍያህን አውልቅ» ማለት ክፉ ጉዳት ነው። ኮፍያና ረጅም እጅጌ ይፈቀድለት፤ ጥላ ባለበት ይሰለፍ።

ችግረኛን በአደባባይ መርዳት

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ የልጆች ስም እየተጠራ ደብተር ይታደላል፤ ፎቶም ይነሳል። ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ልጆችም፣ ሰው ቤት እየሠሩ የሚማሩትም በዚያች ደቂቃ ለመላው ትምህርት ቤት ይታወቃሉ፤ በዕረፍት ሰዓት መሰደቢያ ይሆንባቸዋል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ከቢሮ ፈርሞ ይውሰድ። ለጋሹ ማስረጃ ከፈለገ ፊርማው ይበቃዋል።

ሥራን በፆታ መከፋፈል

መጥረጊያው ለሴቶች፣ አለቃነቱ ለወንዶች ከሆነ ስለ እኩልነት የተሰጠው ትምህርት እዚያው ይፈርሳል። ተራ ይውጣ። የሴቶች መጸዳጃ ቤትም በሩ የሚቆለፍና ውኃ ያለው ይሁን፤ በወር አበባ ጊዜ ከትምህርት የምትቀር ልጅ አንዱ ምክንያቷ ይህ ነው።

የፈተና ቀን ሲወጣ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም በዓል አለማየት ሌላው ስህተት ነው። ከገጠር የመጣ ልጅ በአነጋገሩ ሲሳቅበት መምህሩ አብሮ ፈገግ ማለቱም እንዲሁ።

ቶሎ ማስታረቅ

በአካሉ የተሰደበ ልጅ ወዲያው «ይቅር ተባባሉ» ሲባል ተሳዳቢው በነፃ ይሄዳል። ሁለቱን ለየብቻ ማነጋገር፣ የተባለውን መመዝገብ፣ የተሳዳቢውን ወላጅ መጥራት ይገባል። ከሳምንት በኋላም መምህሩ የተሰደበው ልጅ በዕረፍት ሰዓት ከክፍል ወጥቶ እንደሚጫወት ሄዶ ይይ። አሁንም ክፍል ውስጥ ብቻውን ከቀረ ጉዳዩ እንደገና ይከፈት።