ባክቴሪያ በአትክልት ማሳ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው ለደሴና ለኮምቦልቻ አምራቾች

ቲማቲሙ ጠወለገ፤ ሪዶሚል ተረጨ፤ ከሳምንት በኋላ ተደገመ፤ መጠውለጉ ግን አልቆመም። ለሦስተኛ ጊዜ መርጫ ከማዘልዎ በፊት አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ያዘጋጁ። ሪዶሚል ምች ለተባለው ሻጋታ መሰል የተክል በሽታ የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ባክቴሪያን አይገድልም። ባክቴሪያ በቁስል፣ በቅጠል ቀዳዳ ወይም በዘር ይገባል። አንዴ ተክሉ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያወጣው ርጭት የለም። ስለዚህ ዋናው ሥራ የገባበትን በር አውቆ መዝጋት ነው።

አረንጓዴ እንደሆነ የሚጠወልግ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ድንች

መጀመሪያ ለጋው ቅጠል ቀትር ላይ ይንጠለጠላል፣ ማታ ቀና ይላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ማታም አይነሳም። ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን ይሞታል፤ አፈሩ ግን እርጥብ ነው። በድንች ላይ ሲሆን የተቆፈረው ድንች ዓይኖቹ ላይ አፈር ሙጥኝ ብሎ ይይዛል፤ ሲቆረጥ ከልጣጩ ትንሽ ገባ ብሎ ቡናማ ቀለበት ይታያል፣ ጫን ሲሉትም ከቀለበቱ ነጣ ያለ ፈሳሽ ይወጣል።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ገና መጠውለግ ከጀመረ ተክል (ከደረቀው አይደለም) ከግንዱ ሥር በኩል አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይቁረጡ። አፈሩን አጥበው፣ በክር አስረው፣ የታችኛው ጫፍ ብቻ ውሃው ውስጥ እንዲገባ አድርገው በብርጭቆ ውስጥ ያንጠልጥሉት። ግንዱ የብርጭቆውን ታች አይንካ፣ ብርጭቆውም አይነቃነቅ። ከኋላ ጥቁር ጨርቅ ቢያደርጉ በደንብ ይታያል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ወተት የነጣ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ አጠውልግ ነው።

ክሩ ካልወረደ ሌላ ነገር ይፈልጉ። ከታች ጀምሮ፣ አንዳንዴ በአንድ ጎን ብቻ ቢጫ እየሆነ የሚጠወልግ ከሆነ ፉዛሪየም የተባለው ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ሥሩ ላይ እባጭ ካለ ኔማቶድ የተባለው ጥቃቅን የአፈር ትል ነው። ኔማቶድን ግን አይናቁት፦ ሥሩን እየወጋ ለባክቴሪያው በር ይከፍታል፤ ሁለቱ አንድ ማሳ ላይ ከተገናኙ ጉዳቱ ይበረታል።

መንስኤው ራልስቶኒያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። አፈርና ውሃ ውስጥ ይቆያል፣ አዲስ ሥር ሲበቅል በሚፈጠር ስንጥቅ ወይም በኩትኳቶ በተቆረጠ ሥር ይገባል፤ ከዚያ ውሃ ወደ ላይ በሚያልፍበት ቧንቧ ውስጥ ይራባል። እዚያ የሚያመርተው ዝልግልግ ነገር ቧንቧውን ይደፍነዋል። ተክሉ የሚጠወልገው ውሃ አጥቶ ሳይሆን መንገዱ ተዘግቶበት ነው፤ ስለዚህ ውሃ መጨመር አያድነውም፣ ይልቁንም በሽታውን በቦይ ወደሚቀጥለው መደብ ይወስዳል።

የደሴና የኮምቦልቻ ልዩነት እዚህ ላይ ይመጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,800 እስከ 1,900 ሜትር ባለው ቆላ ቀመስ መሬት ላይ። ድንችን የሚያጠቃው የዚህ ባክቴሪያ ዝርያ በቀዝቃዛ ደጋ ውስጥ ምልክት ሳያሳይ ድንቹ ውስጥ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ደጋ ላይ ጤነኛ የመሰለ ዘር ድንች ሞቅ ወዳለ ቦታ ወርዶ ሲተከል ይጠወልጋል፤ በሽታውንም ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ቲማቲም ትቶለት ይሄዳል። የቦርከና ውሃም የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ነው። ከላይ ባለ ማሳ ላይ ተነቅሎ ቦይ ዳር የተጣለ ድንች የታች ጎረቤት ችግር ይሆናል።

ምን ይደረግ? የጠወለገውን ከነሥሩና በዙሪያው ካለው አፈር ጋር ነቅለው በማዳበሪያ ጆንያ ያውጡ፤ እየጎተቱ አያውጡ። ከቦይ ርቆ በጥልቅ ይቀበር ወይም ደርቆ ይቃጠል፤ ኮምፖስት ውስጥ አይግባ። የዚያን መደብ ውሃ ዝጉ፤ መጠጣት ካለበትም ከሁሉም መጨረሻ ይጠጣ። ዶማና ቢላዋ መጀመሪያ ጭቃው ይታጠብ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይነከር። ጭቃው ካልታጠበ በረኪናው ኃይሉን ጭቃው ላይ ይጨርሳል። ከጤነኛው መደብ ጀምረው ወደታመመው ይሂዱ፣ በተቃራኒው ፈጽሞ አይሥሩ።

በቀጣዩ ዓመት እዚያ ቦታ ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ ወይም ደበርጃን አይመለስ። በቆሎ፣ ጤፍ፣ ስንዴ ወይም ሽንኩርት ቢያንስ ሁለትና ሦስት ዓመት ይያዝ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ የሚስተው ወፍ ዘራሹን ድንች ነው። በቆሎው መሐል ብቅ ያለ አንድ ድንች፣ ወይም ዳር ላይ ያለ አውጥና አስተናግር ባክቴሪያውን ይመግባል፤ እነሱ ካልተነቀሉ የሦስት ዓመቱ ድካም ከንቱ ነው።

ከጠርዝ ወደ ውስጥ ቢጫ የሚሆን ጥቅል ጎመን

ማለዳ ጥቅል ጎመን ጠርዝ ላይ ተደርድረው የሚታዩት ጠብታዎች ሁሉ ጤዛ አይደሉም። ሌሊት ሥሩ የሳበው ውሃ በቅጠሉ ጠርዝ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይወጣል። ፀሐይ ስትወጣ ከጠብታው ከፊሉ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይሳባል። ጠብታው ላይ ዛንቶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ካረፈ አብሮ ይገባል። ምልክቱ የሚጀምረው ከጠርዝ የሆነው ለዚህ ነው፦ ሰፊው ጎኑ ጠርዝ ላይ፣ ሹሉ ወደ መሐል አጥንት የሚያመለክት ቢጫ ሦስት ማዕዘን፤ በውስጡ የጠቆሩ ደም ሥሮች። ግንዱ ሲቆረጥ ጥቁር ቀለበት ይታያል። የናይትሮጅን እጥረት ግን ቅጠሉን በሙሉ ያገረጣል እንጂ ሦስት ማዕዘን አይሠራም፣ ደም ሥርም አያጠቁርም፤ እሱን መስሎዎት ዩሪያ አይጨምሩ።

ብዙ ጊዜ ከዘር ይመጣል፣ ችግኝ መደብ ላይ በውሃ ማጠጫ ፍንጥቅጣቂ ይዛመታል። ችግኙን ከሥሩ ያጠጡ፤ ቅጠሉ እርጥብ ሳለ ማሳ ውስጥ አይግቡ። ጎመን፣ ጎመን ዘርና ሰናፍጭ ያልነካውን ቦታ ይምረጡ፤ ሁሉም አንድ ዘመድ ናቸውና።

ቃሪያና ቲማቲም ቅጠል ላይ ጥቃቅን ጥቋቁር ነጥብ

ነጥቡ መጀመሪያ ውሃ የነካው ይመስላል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ውስጡ እንደ ዒላማ ክብ በክብ ከሆነ ፈንገስ ነው። ከቅጠሉ ሥር ነጭ ሻጋታ ካለ ምች ነው። ባክቴሪያው ሲበረታ የቃሪያው ቅጠል ይረግፋል፣ የተራቆተውን ፍሬ ፀሐይ ያቃጥለዋል።

በዚህ በሽታ ላይ ርጭት ትንሽ ይረዳል፣ ግን ቀድሞ ከተረጨ ብቻ። የመዳብ መድኃኒት (ኮፐር ሃይድሮክሳይድ ወይም ኦክሲክሎራይድ) ቅጠሉ ላይ ያለውን ይገድላል፤ ውስጥ የገባውን አይነካም። ማንኮዜብ ለብቻው ባክቴሪያን እምብዛም አይጎዳም፣ ከመዳብ ጋር ሲቀላቀል ግን የመዳቡን ጉልበት ይጨምራል። ዝናብ በሚበዛበት ጊዜ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ልዩነት፣ መጠኑ በፓኬቱ ላይ እንደተጻፈው፣ ከለቀማ በፊት የሚጠበቀውም ቀን ይከበር። ለሰው የተሠራ ቴትራሳይክሊን ውሃ ውስጥ በጥብጦ መርጨት ግን በሽታውን አያድንም፤ የሰውን መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ያፈራል።

ተክሉስ ራሱን እንዴት ይከላከላል? ተክል እንደ እኛ በደም የሚዞር ተከላካይ የለውም፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ለራሱ ዘብ ይቆማል። ባክቴሪያው የሚዋኝበትን ጭራ ሲያውቅ የቅጠሉን ቀዳዳ ይዘጋል፣ ግድግዳውን ያጠነክራል። ባክቴሪያውም ዝም አይልም፤ በመርፌ መሰል ነገር ፕሮቲን ወደ ሕዋሱ ወግቶ ዘቡን ያደነዝዛል። ተቋቋሚ ዝርያ ያንን ፕሮቲን የሚለይ ዘረ መል አለው፤ ሲለየው የተወጋው ሕዋስ ራሱን ገድሎ ጠላቱን እዚያው ያስቀረዋል። ቢኤስ2 የተባለው የቃሪያ ዘረ መል የሚሠራው እንዲህ ነው። ባክቴሪያው ፕሮቲኑን ከለወጠ ግን ዘረ መሉ አያውቀውም። ስለዚህ ሻጩ «በሽታ ይቋቋማል» ካለ የትኛውን ብለው ይጠይቁ። ፉዛሪየምን የሚቋቋም ቲማቲም በባክቴሪያ አጠውልግ ሊሞት ይችላል።

ዘርን በሙቅ ውሃ ማከም

ለጥቅል ጎመንና ለቲማቲም 50 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ፣ ለቃሪያ 51.5 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ። «ግማሽ የፈላ ግማሽ ቀዝቃዛ» በሚል ግምት አይሥሩ፤ በደሴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ስለዚህ ቆላ የተሠራው ልክ እዚህ አይሰራም። ቴርሞሜትር ይግዙ። ሙቀቱ ከልኩ ከወረደ ባክቴሪያው ሊተርፍ ይችላል፣ ከልኩ ከበለጠ ዘሩ ሊሞት ይችላል። ዘሩን በስስ ጨርቅ ቋጥረው መጀመሪያ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ያሙቁት፤ ከዚያ ፔርሙዝ ውስጥ ያለው ውሃ ልኩ ላይ ሲሆን ይክተቱት። ሲያበቃ በቀዝቃዛ ውሃ ለአምስት ደቂቃ፣ ከዚያ በጥላ ያድርቁ። በመድኃኒት የተቀባ ዘር አይታከም፤ ያረጀ ዘርም አይችለውም። ሁሉንም ከማከምዎ በፊት 50 ፍሬ አክመው፣ ሌላ 50 ሳያክሙ ያብቅሉና ያወዳድሩ።

የሚሸት፣ የሚንዠቀዠቅ ድንች፣ ሽንኩርት ወይም ጎመን

መንስኤው ፔክቶባክቴሪየም የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ሕዋሳቱን እርስ በርስ ያጣበቀውን ሙጫ ያሟሟል። የሚገባው በቁስል ነው። በደረቅ ቀን ይቁፈሩ፣ አይወርውሩ፣ ሳያጥቡ አየር በሚያገኝ ጥላ ያድርቁ፤ ሽንኩርቱን አንገቱ ሳይደርቅ ከረጢት ውስጥ አይክተቱ።

ፍተሻው ግልጽ ካልሆነ ናሙናውን ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወይም ኮምቦልቻ ላለው የዕፅዋት ጤና ክሊኒክ ይውሰዱ። የሞተውን ሳይሆን መጠውለግ የጀመረውን፣ ከነሥሩ ነቅለው፣ ሥሩን ብቻ በፌስታል አስረው፣ ቅጠሉን በጋዜጣ ጠቅልለው በዚያው ቀን ያድርሱ። ሙሉውን በፌስታል ከታሰረ እስኪደርስ ይበሰብሳል፣ ያኔ በሽታውን ከብስባሱ መለየት አይቻልም።