ዳዮድና ትራንዚስተር በሲሙሌሽን፦ ሰርኪቱ እንቢ ሲል ምን እንፈትሽ?

ይህ መመሪያ በኤልቲስፓይስ (ሰርኪትን በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ በሚሞክር ፕሮግራም) ለሚለማመዱ ተማሪዎች ነው። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታም ይሠራል። ውጤት ሲበላሽ ብዙው ተማሪ የሚቸኩለው ሬዚስተር ለመቀያየር ነው። ይህ ጊዜ ከመብላት በቀር ምንም አያስተምርም። መጀመሪያ ቮልቴጁን ነጥብ በነጥብ አንብቡ፤ ከዚያ በእጅ ካሰላችሁት ጋር አስተያዩ። ሁለቱ መለያየት የጀመሩበት ቦታ ላይ ጥፋቱ አለ።

ምልክት፦ ሲሙሌሽኑ ሳይጀምር ስለ ግራውንድ ያስጠነቅቃል፣ ወይም "ሲንጉላር ማትሪክስ" ይላል

ግራውንድ አልተቀመጠም፣ ወይም አንድ ጫፍ የትም ሳይገናኝ ቀርቷል። ሲሙሌተሩ ሁሉንም ቮልቴጅ የሚቆጥረው ከዜሮ ነጥብ ተነስቶ ስለሆነ ግራውንድ የግድ ነው። ሥዕሉን አጉልታችሁ ተመልከቱ፦ ሽቦ ያልነካው የዕቃ ጫፍ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ይታያል።

ምልክት፦ ከረንቱ ከታሰበው በቢሊዮን ጊዜ ይበልጣል

1 ሜጋ ኦም ለማለት በእንግሊዝኛው ፊደል "ኤም" (M) ብቻ ጽፋችኋል። ኤልቲስፓይስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል አይለይም፤ ሁለቱንም "ሚሊ" ብሎ ያነባቸዋል። "ሜግ" (Meg) የሚለውን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ሙሉውን ጻፉ።

ምልክት፦ 12 ቮልት ትራንስፎርመር አስገብቼ ከሬክቲፋየሩ (ኤሲን ወደ ዲሲ ከሚለውጠው ክፍል) የወጣው 10.6 ብቻ ነው

በ"አምፕሊቱድ" ሳጥን ውስጥ የሚገባው የሞገዱ ጫፍ ነው። ትራንስፎርመር ላይ የተጻፈው 12 ግን አርኤምኤስ (ከጫፉ የሚያንስ የኤሲ ውጤታማ ዋጋ) ስለሆነ በ1.414 ተባዝቶ 17 ይገባል። ፍሪኩዌንሲው እንደ አገራችን መስመር 50 ኸርዝ ይሁን። በድልድይ ሬክቲፋየር ሁልጊዜ ሁለት ዳዮድ በተከታታይ ስለሚሠራ 1.4 ቮልት ገደማ ይቀነሳል፤ 15.6 አካባቢ ታገኛላችሁ። በ100 ሚሊ አምፒር ሎድ (ኃይሉን የሚጠቀመው ዕቃ) እና በ1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ሪፕሉ፣ ማለትም በዲሲው ላይ የሚቀረው መወዛወዝ፣ ወደ 1 ቮልት ይሆናል፤ በአንድ ዳዮድ ብቻ ከሆነ እጥፍ ነው።

ምልክት፦ ድልድዩ ግማሽ ሞገድ ብቻ ያወጣል፣ አንዱ ዳዮድ ላይ አስፈሪ ከረንት ይታያል

ይህን ስህተት ጊዜ ወስዳችሁ እንድትረዱት እንፈልጋለን፤ ላብራቶሪ ውስጥ እውነተኛ ዕቃ የሚያቃጥለው እሱ ነው። መንስኤው ሁለት ቦታ የተቀመጠ ግራውንድ ነው፦ አንዱ በኤሲ ምንጩ አንድ እግር ላይ፣ ሌላው በውጤቱ ኔጌቲቭ ላይ። ሁለቱ ግራውንዶች አንድ ሽቦ ማለት ናቸው። ስለዚህ በመካከላቸው ያለው ዳዮድ ሾርት ሆኗል። በአንዱ ግማሽ ዑደት ሎዱ በደንብ ይሠራል፤ በሌላው ግን የምንጩ ከረንት ሎዱን ትቶ በቀረው ዳዮድ በኩል በቀጥታ ይዞራል።

የምንጩን ግራውንድ አንሱ፤ በውጤቱ ኔጌቲቭ ላይ ያለው ብቻ ይቅር። የምንጩን ሞገድ ለማየት አንዱን እግር ተጭናችሁ ሳትለቁ ወደ ሌላው እግር ጎትቱ፤ የሁለቱን ልዩነት ያሳያችኋል። ኦሲሎስኮፕ ላይም ያው ነው፦ የሁለቱ ቻናሎች የግራውንድ መቆንጠጫዎች ውስጥ ለውስጥ ስለተገናኙ አንዱን ምንጩ ላይ፣ ሌላውን ውጤቱ ላይ ብታደርጉ ዳዮዱ ይቃጠላል።

ምልክት፦ ዜነሩ (ቮልቴጅን በአንድ መጠን የሚይዘው ዳዮድ) 5.1 ቮልት አይይዝም

0.7 ካነበባችሁ ተገልብጧል። 4.8 ካነበባችሁ ሎዱ ከብዷል፦ በ12 ቮልት፣ በ330 ኦም ሬዚስተርና በ220 ኦም ሎድ፣ ዜነሩ ባይኖር እንኳ ለሎዱ የሚደርሰው 4.8 ነው። ስለዚህ ዜነሩ አይበራም። ሎዱን አቅልሉ (ኦሙን ከፍ አድርጉ)፣ ወይም ተከታታይ ሬዚስተሩን አሳንሱና የዜነሩን ዋት እንደገና አስሉ።

ምልክት፦ ትራንዚስተሩ በርቷል፣ ሪሌዩ (በኮይል የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ) ላይ ግን 5 ቮልት ብቻ ደረሰ

ሪሌዩን በ120 ኦምና በ100 ሚሊ ሄንሪ ተኩት እንበል፤ በ12 ቮልት 100 ሚሊ አምፒር ይፈልጋል። ከ5 ቮልት ፒን በ10 ኪሎ ኦም ወደ ቤዝ የሚገባው 0.43 ሚሊ አምፒር ነው። ያልተሰየመው የኤንፒኤን ትራንዚስተር ሞዴል ቤታው (የቤዙን ከረንት ስንት እጥፍ እንደሚያሳድግ የሚናገረው ቁጥር) 100 ስለሆነ ኮሌክተሩ ከ43 ሚሊ አምፒር አያልፍም፤ ቀሪው 6.8 ቮልት ትራንዚስተሩ ላይ ወድቆ 0.29 ዋት ሙቀት ይሆናል። ሲሙሌተር አይጨስምና ዋቱን ራሳችሁ ማየት አለባችሁ።

ለማብሪያ ማጥፊያ በቤታ አትመኩ፤ 2ኤን3904 በ100 ሚሊ አምፒር ላይ ዋስትና የሚሰጠው 30 ብቻ ነው። የቤዙን ከረንት የኮሌክተሩ አንድ አሥረኛ አድርጉ፦ 470 ኦም 9 ሚሊ አምፒር ገደማ ይሰጣል። ሪሌዩ ሲጠፋ በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ከዘለለ ደግሞ ከኮይሉ ጋር ትይዩ ዳዮድ ጎድሏል፤ ካቶዱ ወደ 12 ቮልቱ ይዙር።

ምልክት፦ የኮመን ኤሚተር አምፕሊፋየሩ ኮሌክተር 12 ቮልት ላይ ቆሟል

47 እና 10 ኪሎ ኦም ለቤዝ፣ 3.9 ኪሎ ለኮሌክተር፣ 1 ኪሎ ለኤሚተር ካደረጋችሁ ቤዙ 2፣ ኤሚተሩ 1.35፣ ኮሌክተሩ 6.8 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። 12 ከሆነ ትራንዚስተሩ ጠፍቷል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የመግቢያው ካፓሲተር ተረስቶ ሲግናል ምንጩ ቤዙን ወደ ዜሮ ጎትቶታል። 10 ማይክሮ ፋራድ አስገቡ፤ በ100 ናኖ ብታደርጉት ከ1 ኪሎ ኸርዝ በታች ድምፁ ይዳከማል።

ኤሚተሩ ላይ ባይፓስ ካፓሲተር (ከኤሚተሩ ሬዚስተር ጋር ትይዩ የሆነ) ካለ ጌይኑ (የማጉላት መጠኑ) 200 ገደማ ነው፤ 100 ሚሊ ቮልት ብታስገቡ ሞገዱ ጫፍና ጫፉ ይቆረጣል። 10 ሚሊ ቮልት ይበቃል። በኤሲ አናሊሲስ (ጌይኑን በየፍሪኩዌንሲው በሚያሰላው የሲሙሌሽን ዓይነት) ከ12 ቮልት ምንጭ 200 ቮልት ወጣ ብላችሁ ግን አትደንግጡ። ያ ስሌት መቆረጥን አያውቅም፤ 1 ቮልት ስላስገባችሁ ያነበባችሁት ጌይኑን ነው።

ምልክት፦ ሲሙሌሽኑ ላይ ሠራ፣ ብሬድቦርድ ላይ አልሠራም

የእግሮቹ ቅደም ተከተል ይሆናል። ጠፍጣፋው ፊት ወደ እናንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ ከግራ ወደ ቀኝ 2ኤን3904 ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው፤ ቢሲ547 ደግሞ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር። ተገልብጦ ከገባ ጭራሽ አይሞትም፤ በጣም ትንሽ ያጎላል፣ ስለዚህ ያሳስታል። መልቲሜትሩን ዳዮድ መፈተሻው ላይ አድርጋችሁ ቀዩን ቤዝ ላይ ያዙ፤ በሁለቱም በኩል 0.6 እስከ 0.7 ይነበባል፣ ትንሽ ከፍ ያለው ኤሚተሩ ነው።