ሴስና 172 (ትንሿን አውሮፕላን) ለምትማሩ፡ ቴክኦፍ (ከመሬት መነሳት) ላይ አደጋ እንዳይደርስባችሁ ከሚዛኑ ጀምሩ

ቴክኦፍ ላይ አደጋ ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚመጣብን ሞተር ጠፋ የሚለው ነው፣ እኔም ስጀምር እሱን ብቻ ነበር የምፈራው። ግን ብዙው ጣጣ የሚጀምረው ገና መሬት ላይ እያላችሁ ነው።

መጀመሪያ ክብደት። ሰው ኪሎው ሲጠየቅ ይዋሻል በቃ። አንዴ ጓደኛዬን ይዤ ልወጣ ስል 70 ነኝ አለኝ፣ አስተማሪዬ ምንም ሳይናገር ሚዛኑን በእግሩ ገፋ አደረገለትና ልጁ ከነቦርሳው 86 መጣ፣ "ጃኬቱ ነው" ይላል ደግሞ ሃሃሃ። ስለዚህ ሰውም ሻንጣም መዝኑ፣ ነዳጁን ደምሩ (1 ሊትር አቭጋስ፣ ማለትም የአውሮፕላኑ ቤንዚን፣ ወደ 0.72 ኪሎ ነው)፣ ከዛ የቱ እቃ የት እንደሚቀመጥ አስሉ። ከኋላ ከከበደ አፍንጫው ወደ ላይ ይሄድባችኋል፣ መሪውን ብትገፉትም እሺ አይልም፣ ስቶል ያደርግና (ክንፉ መሸከም ያቅተውና) ይወድቃል። ዘፋኟ አሊያ በነሐሴ 2001 እንደ ፈረንጆቹ ባሃማስ ውስጥ ከሌሎች 8 ሰዎች ጋር የሞተችው ገና እንደተነሳ በወደቀ ሴስና 402 ነው፣ ሲጣራ ከተፈቀደው በብዙ መቶ ፓውንድ በላይ ተጭኖ ነበር፣ ጭነቱም ወደ ኋላ አጋድሏል።

ሁለተኛው ከፍታና ሙቀት፣ እኛ አገር ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም። ቦሌ 7600 ጫማ አካባቢ ነው፣ በዛ ከፍታ አብራሪዎች በሚያሰሉበት መደበኛ የአየር ሁኔታ መሰረት አየሩ 0 ዲግሪ መሆን ነበረበት። ከሰዓት 25 ዲግሪ ከሆነ ለእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ 120 ጫማ ጨምሩ፣ 25 ጊዜ 120 ማለት 3000፣ ስለዚህ አውሮፕላኑ 10,600 ጫማ ላይ ያለ ነው የሚመስለው። ሞተሩም ክንፉም ፕሮፔለሩም አብረው ይደክማሉ። መፍትሄው በጠዋት መውጣት፣ ነዳጅ አለማብዛት፣ ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቁን) ማኑዋሉ በሚለው መሰረት ሊን ማድረግ፣ ማለትም ነዳጁን መቀነስ ነው፣ ባህር ዳርቻ እንደተማረ ሰው ሙሉ ሪች (ነዳጅ የበዛበት) አድርጋችሁ ከተነሳችሁ ያለችውን ጉልበትም ታጣላችሁ።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። አየሩ ስስ ስለሆነ መሬቱ ከስራችሁ ከለመዳችሁት በላይ ሲሮጥ ታያላችሁ፣ ፈጥኛለሁ ብላችሁ አፍንጫውን እንዳታነሱ፣ የፍጥነት ጌጁን ብቻ እመኑ። የራንዌዩ ግማሽ ላይ ስትደርሱ ከመነሻ ፍጥነታችሁ 70 በመቶ መሙላት አለበት፣ በ55 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) የምትነሱ ከሆነ 40 ገደማ ማለት ነው። ካልሞላ ትሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት መቆጣጠሪያ) ዝጉና ፍሬን ያዙ፣ ማንም ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ሞተሩ ከተነሳችሁ በኋላ ቢጠፋስ? እጃችሁ መጀመሪያ የሚያደርገው አፍንጫውን ወዲያው ዝቅ ማድረግ ነው፣ ምክንያቱም እየወጣ ያለ አውሮፕላን ፍጥነቱ በሰከንዶች ነው የሚያልቀው። 70 ኖት አካባቢ ያዙና ፊት ለፊት ካለው ሁሉ የተሻለውን ምረጡ፣ ማሳም ቢሆን መንገድም ቢሆን። ወደ ራንዌይ ልመለስ አትበሉ፣ መመለስ 180 ዲግሪ ብቻ አይደለም፣ ከመስመሩ ስለምትወጡ ከዛ በላይ ትዞሩና እንደገና ታስተካክላላችሁ፣ 45 ዲግሪ ስታጋድሉ ደግሞ ስቶል የምታደርጉበት ፍጥነት ወደ 19 በመቶ ይጨምራል። ጊዜ ካለ ነዳጁን ዝጉ፣ ማግኔቶ (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) አጥፉ፣ መሬት ሳትነኩ በሩን ከፈት አድርጉት፣ አውሮፕላኑ ተጋጭቶ ከታጠፈ በኋላ በሩ እምቢ ሊል ይችላል። ይሄን ሁሉ ደግሞ ትሮትል ከመግፋታችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ ለራሳችሁ ንገሩት፣ ያኔ የምታስቡበት ጊዜ የለም።

የመጨረሻው፣ በሩ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ከተነሳችሁ በኋላ ቧ ብሎ ቢከፈት። ጩኸቱ ያስደነግጣል፣ ነፋሱ ወረቀታችሁን ይበትናል፣ ግን 172 በሩ ተከፍቶም ይበራል። እሱን ለመያዝ መሪውን ለቀው የወደቁ አሉ። ተዉት፣ ቀበቶ ታስሯል፣ ዞራችሁ በሰላም አርፉና መሬት ላይ ዝጉት።